የእግር ውሃ

በቦርከና ማዶ ጫማውን ሳያራግፍ የሚጫማ ሰው የለም። ጠዋት በየበረንዳው ጫማ ሲንኳኳ ይሰማል፤ ጠጠር ይወድቃል፣ ሚስማር ይወድቃል፣ አንዳንዴ ነፍስ ያለው ነገር ወድቆ ወደ ጎረቤት ይሮጣል። ማታ ከእራት በፊት ደግሞ የቤቱ ሰው ሁሉ ጫማውን አውልቆ እግሩን ወደ መብራት ያነሣል። ባል የሚስቱን ውስጥ እግር ያያል፣ ሚስት የባሏን። ብቻውን የሚኖር ሰው የጎረቤት በር ያንኳኳል። «እግሬን እይልኝ» ብሎ የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው። ጠላት እንኳ ቢሆን መጀመሪያ ይታይለታል፣ ከዚያ ወደ ጠቡ ይመለሳል።

ነገሩ ከተለመደ ቆይቷል። ሌላ አገር ሰው እንዲህ አያደርግም ሲባል የሚገረሙ ልጆች አሉ።

ምክንያቱ ክር ነው። ሐኪሞቹ ነርቭ ይሉታል፣ ክሩን የሚገዛው የኢንዱስትሪ ፓርክ በማስታወቂያው የስሜት ሕብረ ሕዋስ ይለዋል፤ የቦርከና ማዶ ሰው ግን ክር ብሎ ገላገለው። ሰው ክሩን የሚሰጠው ከእግሩ ነው። የሚያራምደው ክር ሌላ ስለሆነ አይነካም፤ የሚወጣው የሚሰማው ነው። የሚሰማው ሕዋስ ደግሞ ረጅም ፍጡር ነው። ራሱ ከወገብ አጥንት አጠገብ ሽምብራ በምታህል ጉብታ ውስጥ ተቀምጦ፣ ጅራቱ እስከ እግር ጣት ድረስ ይወርዳል። ፓርኩ ከነጉብታው፣ ከነልባሱ መዝዞ ያወጣዋል። ሥሩ የቀረ እንደሆነ እየተሳበ ተመልሶ ይበቅላል፣ ሰውየውንም ቀን ከሌት ያሳክከዋል። ከነሥሩ ከተነቀለ ግን ዝም ነው።

የወጣው ክር በብልቃጥ ገብቶ፣ ሮዝ ውሃ እየተመገበ ይሰነብትና ባሕር ማዶ ባሉ የማሽን እጆች መዳፍ ውስጥ ይሰፋል። ከብረትና ከፕላስቲክ ብዙ ነገር መሥራት ተችሏል፤ የሚሰማ እጅ ግን ያለ ሰው ክር አልሆን ብሏል። እነዚያ እጆች እዚያ ማዶ ሽማግሌ ያጥባሉ፣ ሕፃን ያሻሉ፣ ብቻውን የተኛን ሰው ግንባር ይዳብሳሉ። ቦርከና ማዶ ለውጭ ገበያ የምታቀርበው ነገር ይኸው ነው። ክሩን የሰጠ ሰው የኮንዶሚኒየም ዕጣ አይጠብቅም፤ ከፓርኩ ሐኪም ቤት ሲወጣ ቁልፉን ይዞ ነው የሚወጣው።

ወይዘሮ ይታክቱ የምትሠራው እዚያው ፓርኩ ውስጥ፣ ብልቃጥ ክፍል ነው። መጋቢ ይሏታል። አሮጌውን ሮዝ ውሃ ታወጣለች፣ አዲሱን ትጨምራለች፤ ሙቀቱ እንደ ሰው ገላ መሆን ስላለበት መለኪያውን ታያለች። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ የእያንዳንዱን ክር ጫፍ ነካ ታደርጋለች። ክሩ ከተሰማው ከብልቃጡ ሥር ያለችው አረንጓዴ መብራት ትበራለች፤ ካልበራች ሞቷልና ይጣላል። መጀመሪያ ሰሞን «እንዴት አደራችሁ» ትላቸው ነበር። ተቆጣጣሪው ትሑት ልጅ ነው፤ ይህ ነገር ለሌሎቹ ሠራተኞች ደስ እንደማይል በአክብሮት ነገራትና ተወችው።

ባሏ አበጋዝ ክሩን የሰጠው ልጃቸው ትንግርት ጡት ሳትጥል ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ፀሐይ የሚገባው ቤት ደረሳቸው፣ ዘመድ ተሰብስቦ መረቃቸው፣ ገቡ። አበጋዝን የገደለው የቆርቆሮ ሚስማር ነው። የጫማውን ሶል በስቶ ውስጥ እግሩ ላይ ተተክሎ፣ እሱም ይዞት ሲዞር ሰነበተ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማታውኑ ይታይ ነበር። ያን ሰሞን ግን ባልና ሚስቱ ተኳርፈው ነበር፤ በምን እንደተኳረፉ ይታክቱ ዛሬ ብትጠየቅ አታስታውሰውም። እሱ እዪልኝ አላለም፣ እሷም አምጣ አላለችም። የታረቁት ሽታው ቤቱን ሲሞላው ነው። ጠላት እንኳ ቢሆን ይታይለት የሚለው ነገር በሰፈሩ የጸናው ከአበጋዝ ቀብር ወዲህ ነው።

እግሩ አፈር ገባ። ክሩ ግን አልሞተም። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ከፓርኩ ስልኳ ላይ መልእክት ይመጣል፤ የውድ ባለቤትዎ ክር በመልካም ጤንነት አገልግሎት በመስጠት ላይ ይገኛል፣ መልካም አዲስ ዓመት ይላል። እሷም የአበጋዝ ክር የማታውቃትን አሮጊት ፀጉር ሲዳብስ ይታያታል። አንድ ጊዜ መልእክቱ በመጣ ቀን አለቀሰች፤ ከዚያ ወዲህ ሳታነበው ታጠፋዋለች።

ቤቱ የሚጸናው ክር የሰጠው ሰው በሕይወት እስካለ ድረስ ነው። አበጋዝ ሲሞት፣ አርባው እንዳለፈ አንዲት የፓርኩ ሴትዮ መጣች። ጨዋ ሴት ናት፣ እግዜር ያጽናችሁ ብላ ተቀመጠች። ትንግርትን ጫማዋን አስወለቀቻትና እግሯን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየችው። ጥሩ እግር ነው፣ ገና ምንም ያልነካው እግር ነው አለች። ይታክቱ ያን ቀን መልስ አልሰጠችም። በሳምንቱ ጠበል ልጠመቅ ነው ብላ ለጎረቤት ተናግራ ሄደች፤ ስትመለስ ሁለቱ እጆቿ ከትከሻ እስከ ጣት ድረስ ደንዝዘው ነበር። እጆቹ ይጨብጣሉ፣ ያነሣሉ፣ ይሰፋሉ፤ ምንም ነገር ግን አይነግሯትም። መርፌ ስትይዝ ዓይኗን ከጣቷ አትነቅልም። የእጅ ክር ከእግር ይልቅ ይፈለጋልና ቤቱ ጸና፤ የትንግርትም እግር ዳነ።

ይህን በሰፈሩ ከትንግርት በቀር ያወቀ ሰው የለም። የእጅ ክሯን የሰጠችን ሴት ማንም ሕፃን አያሲዛትም፣ ድስትም አይተውላትም። ይታክቱ ደግሞ በሰፈሩ የምትታወቀው በእጇ ነበር።

እግር ማጠብ ድሮ የባላገር ወግ ነበር፤ መንገድ የደከመው እንግዳ ሲመጣ እመቤቲቱ ውሃ ይዛ ትንበረከካለች። ሰው በመኪና መሄድ ሲጀምር ወጉ ቀረ። ቦርከና ማዶ ላይ ተመልሶ የመጣው ለሌላ ጉዳይ ነው። ሴት ልጅ ያላት እናት የአማቿ እግር ክር ያለው መሆኑን ማወቅ ትፈልጋለች፤ ይህን ደግሞ ሽማግሌ ፊት አፍ አውጥቶ መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ውሃ ይቀርባል። ቀድሞ ሽማግሌ ሲላክ ልጁ ቤቱ ሆኖ ወሬ ይጠብቅ ነበር፤ አሁን እግሩን ይዞ አብሮ ይመጣል። ሽማግሌዎቹ በለብታ ይታጠባሉ። የልጁ ውሃ ግን ከሌላ ማንቆርቆሪያ ነው፤ ሞቅ ያለ፣ የሚያስደነግጥ ግን የማይጎዳ። እግሩን ሳብ ካደረገ ሁሉም ይስቃሉ፣ ይቅርታ ይባላል፣ ጨዋታው ይሞቃል። ዝም ካለ እመቤቲቱ እግሩን አድርቃ ትነሣና «ውሃው ቀዘቀዘብን፣ ሌላ ቀን» ትላለች። የሰፈሩ ሽማግሌ ይህን ሲሰማ ባርኔጣውን ይፈልጋል።

ጎረምሶቹም አልተኙም። እንፋሎት ሲያዩ እግር መሳብ ተማሩ፤ እርስ በርስ የሚለማመዱም ነበሩ ይባላል። ይታክቱን የሚያሸንፋት ግን አልተገኘም። ጥያቄ እየጠየቀች ዓይኑን ወደ ራሷ ትስበዋለች፣ በዚያው ታፈስሳለች። ክር ያለው ሰው የሚደነግጠው ሳያውቀው ነው፤ የሌለው ግን አስቦ ነው የሚደነግጠው። ይህን ትለያለች። የጎረቤት እናቶች ሴት ልጃቸው ስትታጭ ይታክቱን ይጠሯታል። እሷም ሁልጊዜ ትንግርትን አስከትላ ትሄዳለች። ትንግርት ማንቆርቆሪያውን ተሸክማ ከኋላ ትቆምና፣ ሰው ሳያይ ክርኗን ውሃው ላይ ነካ አድርጋ ለእናቷ ራሷን ትነቀንቃለች። የይታክቱ እጅ የትንግርት ክርን ነበር።

የራሷ የትንግርት ቀን ግንቦት ውስጥ በአንድ እሑድ መጣ።

ልጁ ደምለው ይባላል፤ የደላንታ ልጅ ነው። ከትንግርት ጋር የተዋወቁት ደሴ መምህራን ኮሌጅ ሲማሩ ነው። አሁን እዚያው አገሩ ያስተምራል፣ ቦርከና ማዶን ረግጧት አያውቅም። ደላንታ ፓርክ የለም፣ ክር የሚገዛም የለም። ትንግርት ስለ ውሃው አስቀድማ አልነገረችውም። አንድ ጊዜ ሽርሽር ወጥተው እሾህ ወግቶት ሲያነክስ አይታዋለች፤ ሙሉ እግር ምን ትምህርት ያስፈልገዋል ብላ ነው። ደግሞም ያወቀ ሰው አስቦ ይደነግጣል፣ እናቷ ያን ካየች አለቀለት።

ይታክቱ ከልጇ ጋር አልተሟገተችም። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ተናግራለች፤ ልጄን ክር ለሌለው ሰው አልሰጥም፣ እኔ የሸተተኝ ነገር እሷን እንዳይሸታት። ሰፈሩ ይህን እንደ ስለት ያውቀዋል።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ፤ መሪያቸው የደምለው አጎት አያ ይማም ናቸው። ከደጋ ወርደው የግንቦት ሙቀት አቃጥሏቸዋል፣ ጋቢያቸውን ግን አላወለቁም። ማስታጠቢያውን ሲያዩ አያ ይማም ዓይናቸው በራ። እኛ ጋ እንኳ የቀረ ወግ ከተማ ውስጥ አለ ብለው ለጓደኞቻቸው ነገሩ፣ ከዚያ መረቁ። ወሎ ውስጥ ሽማግሌ መመረቅ ከጀመረ መቼ እንደሚያቆም የሚያውቅ የለም። ቤቱን መረቁ፣ የሞተውን መረቁ፣ ያልተወለደውን መረቁ፤ ይታክቱ እጇን ዘርግታ አሜን ስትል ቆየች።

ትንግርት በወጉ መሠረት ጓዳ ገብታ በሯን ዘግታ ነበር። የምትታጭ ልጅ በሽማግሌ ፊት ማንቆርቆሪያ ይዛ አትቆምም። ስለዚህ ያን ቀን ክርን አልነበረም። ይታክቱ ግን ተጠንቅቃ ነበር። እንግዶቹ ሳይደርሱ ውሃውን ከምድጃው አውርዳ፣ ቀዝቃዛ ጨምራበት፣ ትንግርት በክርኗ ነክታው ልክ ነው ብላት ነበር። ወጥ ቤት ውስጥ ሲያግዙ የዋሉት ጎረቤቷ እትዬ ዘምዘም ናቸው። ምርቃቱ ሲረዝም ሰሙ፤ ውሃው ሊቀዘቅዝ ነው፣ ይታክቱ የኔ ዓለም ያለ ሙቅ ውሃ ልትቀርብ ነው ብለው አዘኑና ማንቆርቆሪያውን መልሰው ጣዱት። ደግ ሴት ናቸው። ሲፈላ አወረዱትና ክዳኑን ገጥመው ቦታው መለሱት፣ እጀታውን ስትይዝ ይገባታል ብለውም አልተናገሩም፤ ይታክቱ ገብታ አንሥታው ወጣች።

ክዳኑ ገጥሟል፣ ግንቦትም ነው፤ በዚያ ሙቀት እንፋሎት ብዙ አይታይም። ሌላ ቀን ብቻዋን ስትሆን ጉንጯ ላይ ጠብ አድርጋ ትሞክረው ነበር። ያን ቀን ዘምዘም አጠገቧ ቆመው ነበር፤ ምን እያደረግሽ ነው ቢሏት ምን ትላለች። ደግሞም ታይቶ ነበር፣ ልክ ነው ተብሎ ነበር። የማንቆርቆሪያው እጀታ መዳፏን ምንም አላለውም።

ሽማግሌዎቹን ከበርሜሉ ለብታ አጠበቻቸው። ከዚያ ደምለው ፊት ተንበረከከች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዓይን አፋር ልጅ ነው። ተማሪዎችህ ያስቸግራሉ ወይ ብላ ጠየቀችው። ቀና አለ፣ መመለስ ጀመረ፣ አፈሰሰች።

እግሩ አልተነቃነቀም።

መልሱን አቋርጦ ወደ መሬት አቀረቀረ። ሁለት እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፤ ይታክቱ የጨዋ ልጅ አቀማመጥ መሰላት። ላብ በግንባሩ ወረደ፤ የደጋ ሰው ነው፣ ግንቦት ነው አለች በልቧ። ሆን ብላ ደገመች፣ ቀስ አድርጋ፣ ከቁርጭምጭሚቱ እስከ ጣቶቹ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «እግዜር ያክብርልኝ፣ እማማ» አለ፤ ድምፁ ከወትሮው ዝቅ ያለ ነበር፣ እሷ ግን የወትሮውን አታውቀውም። አልተሰማውም ማለት ነው። ደስ ብሏት ነበር፣ ልጁን ወዳው ነበር። እግሩን በፎጣ ስታደርቅ አላየችውም፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ተነሣችና ውሃው ቀዘቀዘብን፣ ሌላ ቀን አለች። የደላንታ ሽማግሌዎች የቃሉን ትርጉም አያውቁም። አያ ይማም ምን ቸገረ፣ እኛ ለውሃ አልመጣንም አሉ፤ ይታክቱ ግን ዳግም አልተቀመጠችም። እንግዶቹ ግራ ተጋብተው ወጡ። ደምለው ደረጃውን የወረደው የመጨረሻ ሆኖ ነው፣ ግድግዳውን ይዞ።

ትንግርት ከጓዳ ስትወጣ እናቷ ማስታጠቢያው አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት። ክር የለውም፣ አንድም አልተሰማውም፣ ሸጦታል፣ ዋሽቶሻል አለቻት። ትንግርት ማንቆርቆሪያውን አየች። ጎንበስ ብላ እንደ ልማዷ ክርኗን ወደ ውስጥ ስትሰድ ጮኻ መለሰችው፤ ቆዳዋ ወዲያው ቀላ።

«እማ፣» አለች፣ «ውሃውን ማን አየልሽ?»

ይታክቱ እጆቿን አየች። ሁለቱም መዳፎቿ በእጀታው ግለት ቀልተው፣ አንዱ ጣቷ ላይ ውሃ ቋጥሮ ነበር። እስከዚያች ሰዓት አላወቀችውም።

እናትና ልጅ ተከትለዋቸው መናኸሪያ ሲደርሱ እንግዶቹ አልነበሩም። ጫማ ማድረግ ያልቻለ ልጅ ሁለት ሽማግሌ ተሸክመውት ወደ ፓርኩ ሐኪም ቤት ሄደዋል ተባለ፤ በከተማው ያለው ሐኪም ቤት እሱ ብቻ ነው። እዚያም ደርሰው በሩ ላይ ቆሙ። ጠያቂ የሚገባው በማግስቱ ነው አሏቸው።

በሐኪም ቤቱ የሆነውን ያወቁት በኋላ ነው። ልጁ እዚያ ከደረሰ በኋላ ዝምታው ተሰበረ። ከተንበረከከች ሴት ፊት ርቋልና የሚያፍረው ሰው አልነበረም፤ እስከ ማታ ጮኸ። ነርሷ አማራጩን በትሕትና አስረዳችው። ክር ሰጪ ላልሆነ ሰው የሚደረገው ቁስሉን አጥቦ ወደ ደሴ መላክ ነው፣ እዚያ ተራ አለ። ክሩን ለሚሰጥ ግን ሁሉም ነገር እዚሁ፣ አሁኑኑ ነው፤ አዲስ ቆዳም ይለበጥለታል። ደምለው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሕመሙ ይቆማል? ወዲያው ይቆማል አለችው። እውነቷን ነው፤ ሐኪም ቤቱ በዚህ ዋሽቶ አያውቅም።

ይታክቱ በማግስቱ ስትሄድ ድንጋይ ተሸክማ ነው። የፓርኩ ዘበኛ ድንጋይ ይዞ መግባት እንደማይቻል ነግሯት ከበሩ ውጭ አስቀመጠችው። አያ ይማም ኮሪደር ላይ ቆመው ነበር። እግራቸው ሥር ልትወድቅ ስትል ክንዷን ይዘው አነሷት።

«ተይ ልጄ፣ ተይ» አሏት። «እኔ ነኝ ጥፋተኛው። መንገድ ላይ መክሬዋለሁ። እመቤት ተንበርክካ ስታጥብህ እግርህን እንዳታሸሽባት፣ ውሃው ቢሞቅም ቢበርድም ስጦታ ነው፣ እግዜር ያክብርልኝ ነው የሚባለው አልሁት። ጉልበቱን በሁለት እጁ ተጭኖ ይዞ ነው የቆየው። እዚህ መጥቶ ነው የነገረኝ።»

ይታክቱ እጄ አይሰማም ነበር ልትል ነበር። እስከዚያ ቀን ለሰው ብላው የማታውቀው ቃል ስለሆነ አልወጣላትም።

ደምለው አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። እግሮቹ እስከ ቅልጥም ተጠቅልለዋል፣ ጣቶቹ ብቻ ይታያሉ። ፊቱ አርፏል፤ ሙሉ ሌሊት የተኛ ሰው ፊት ነው። ትንግርት ቀድማ ገብታ ከራስጌው ቆማ ነበር። እሱ ሊነሣ ሞከረ፣ እናት ስትገባ ተቀምጦ መቀበል አልሆንልህ ብሎት። ይታክቱ አልጋው ግርጌ ተንበረከከችና ሁለት እግሮቹን አቀፈች።

«ውሃው ደህና ነበር እኮ፣ እማማ» አላት። «ደግሞ አሁን አያመኝም። ምንም አያመኝም።»

አለቀሰች። ይቅር በለኝ ማለቷ አልተሰማም፣ በጨርቁ ውስጥ ቀረ። እሱ ጎንበስ ብሎ ከአንሶላው ማዶ አያት፣ ግራ እንደገባው።

«እግሬን ይዘውታል እንዴ?» አለ።

ይታክቱ ቀና ብላ አየች። እጇ ጣቶቹ ላይ ነበር። «የያዝኩት ይመስለኛል፣ ልጄ» አለችው።

ትንግርት ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሰርጉ በጥቅምት ሆነ። ደምለው ቁልፉን ይዞ ከሐኪም ቤት ስለወጣ ወደ ደላንታ መመለስ አላስፈለገውም፤ ቀጣዩ ሕንጻ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ደረሰው፣ በሰፈሩ ትምህርት ቤትም ተቀጠረ። ቆዳው ጥሩ ይዟል። ትንግርት ማታ ማታ እግሩን ወደ መብራት አንሥታ ታይለታለች፣ ጫማውን ታራግፍለታለች፤ ይህን ከሕፃንነቷ ጀምሮ ስለምታውቀው አልከበዳትም። እናቷን አልተቀየመችም፤ በበዓል ትመጣለች፣ ስማ ትሄዳለች። ውሃ ግን አታይላትም። ይታክቱ አንድ ቀን ለገላዋ ያሞቀችውን ውሃ ወደሷ ገፋ ስታደርግላት፣ ትንግርት እንዳላየች ሆና ኮቷን ለበሰች።

የሰፈሩ እናቶች ይታክቱን መጥራት ትተዋል። ነገሩን ያወሩት ዘምዘም አይደሉም፤ እሳቸው ማንቆርቆሪያውን መልሼ የጣድሁት እኔ ነኝ እያሉ እስከ ዛሬ ያለቅሳሉ። የይታክቱን እጅ የገለጠው ጣቷ ላይ የቋጠረው ውሃ ነው። ክር ያለው ሰው እንደዚያ እስኪቃጠል ድረስ ማንቆርቆሪያ አይዝም። ይህን ለመረዳት ደግሞ ቦርከና ማዶ ውስጥ ማንም ሐኪም አያስፈልገውም።

ሥራዋ ግን አለ። ከሰርጉ በኋላ በነበረው ሰኞ ብልቃጥ ክፍል ስትገባ በሷ ተራ አዲስ ብልቃጦች ተደርድረው ቆይተዋታል፤ ማቆያ ከርመው የመጡ ናቸው። በብልቃጥ ላይ ስም አይጻፍም፣ እሷም ስም ለማግኘት አልሞከረችም። አንደኛው ክር ከሌሎቹ ይረዝማል፣ የቁመተ ረጅም ሰው ክር ነው። ብሩሹን ገና ጫፉ ላይ ስታሳርፍ አረንጓዴዋ መብራት ቦግ አለች። እንዲህ ያለ ክር ብዙ አይመጣም፤ ተቆጣጣሪው ከኋላዋ ሲያልፍ፣ ይሄስ ጎበዝ ነው አለ።

ሮዙን ውሃ ቀዳች። መለኪያው ልክ ነው ይላል፤ መለኪያው ሁልጊዜ ልክ ነው። ብልቃጡ ላይ ልታፈስስ ዘንበል አድርጋ ቆመች፣ መልሳ አቀናችው። ቀጥሎ ባለው ጠረጴዛ የምትሠራ ብርነሽ የምትባል አዲስ ልጅ አለች፤ ይታክቱ ከሰላምታ በቀር አነጋግራት አታውቅም።

«ብርነሽ፣» አለቻት፣ «ነይ እስቲ፣ ውሃውን እዪልኝ።»